ከጎተራ እስከ ቁጠባ ደብተር፦ የገንዘብ ዕውቀት ጉዞ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች

የአንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው መጋዘኑ፣ የጭነት መኪናው፣ ወፍጮውና የሰበሰበው እህል ነው። እነዚህ በዓይን የሚታዩ፣ በእጅ የሚዳሰሱ በመሆናቸው ለምስክርነት ይመቻሉ። ይሁን እንጂ ያለ እርሱ መጋዘኑም ሆነ መኪናው የማይዘልቁበት፣ በዓይን የማይታይ ሌላ ሀብት አለ። እርሱም አባሉ ስለ ገንዘቡ ያለው ዕውቀት ነው። ዕጣውን፣ ዕዳውን፣ የትርፍ ድርሻውንና የማኅበሩን መዝገብ አንብቦ የሚረዳ አባል ባለበት ማኅበር የጠፋ ብር ቶሎ ይታወቃል። አባሉ በማያነብበት ማኅበር ግን መጋዘኑ ሞልቶም ቢሆን ንብረቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ይህ ዕውቀት ወደ አምቦ፣ ወደ ጉደር፣ ወደ ጊንጪ፣ ወደ ሆለታ፣ ወደ ጌዶና ወደ ባኮ የደረሰው በአንድ ቀን አይደለም። መንግሥታት በየዘመናቸው በትምህርት ቤት፣ በዘመቻ፣ በኤክስቴንሽንና በባንክ አማካይነት ከፊሉን አምጥተዋል። ቀሪውን አርሶ አደሩ በራሱ ገንዘብ፣ አንዳንዴም በራሱ ኪሳራ ተምሮታል። የሁለቱን መንገድ አጣምሮ ማየት ለዛሬው አባልና ለነገው ተረካቢ ይጠቅማል።

የጎተራው ሒሳብ

ቁጠባ ለምዕራብ ሸዋ ገበሬ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። ክረምቱ ቢከብድ፣ ማጀቱ ቢጎድል፣ ለዘር የተቀመጠው እህል እንደማይነካ በየቤቱ ያለ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ጎተራ የቤተሰቡ ባንክ ነበር። ከብትም እንዲሁ በደህናው ዘመን የሚረባ፣ በክፉ ቀን ተሸጦ ቤት የሚያቆም ተቀማጭ ነበር። ሴቶች ከቅቤና ከእንቁላል ሽያጭ የሚያገኙትን ሳንቲም ለብቻ ቋጥረው ለጨው፣ ለልጅ ልብስና ለድንገተኛ ወጪ ያውሉ ነበር።

በጋራ የመረዳዳቱ ልማድም የቆየ ነው። ደቦው ጉልበትን ያቀናጃል፤ ዕድሩ ለሐዘን ይደርሳል፤ ዕቁቡ ጥቂት ጥቂቱን አሰባስቦ በየተራ ለአንድ ሰው ጠቀም ያለ ገንዘብ ያስጨብጣል። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ከብቱ ያለቀበትን ወገን ጎሳው ከየመንጋው አዋጥቶ የሚያቋቁምበት ቡሳ ጎኖፋ የተባለ ሥርዓት አለ። የዕቁብ ዳኛና ጸሐፊ፣ የዕድር ገንዘብ ያዥ የሚባሉት ሥራዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ኮሚቴ ከመምጣቱ በፊት ሕዝቡ የሚያውቃቸው ኃላፊነቶች ናቸው።

ጎተራ ግን ያላስተማረው አንድ ነገር ነበር። እህል ሲጎድል በዓይን ይታያል። ነቀዝ ሲገባበት ይሸታል፤ ሌባ ሲነካው ያስታውቃል። ገንዘብ ግን እንዲህ አይደለም። ብሩ ቁጥሩ ሳይጎድል ዋጋው ሊወርድ ይችላል። በሰው እጅ ያለ ገንዘብ የሚታወቀው በጽሑፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ከጎተራ ወደ ገንዘብ የተደረገው ሽግግር ከማየት ወደ ማንበብ የተደረገ ሽግግር ነበር ማለት ይቻላል። የምዕራብ ሸዋ አርሶ አደር የመቶ ዓመት ትግልም በአብዛኛው ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ከማርያ ቴሬዛ እስከ ወረቀት ብር

አምቦ ከአዲስ አበባ ወደ ወለጋ በሚወስደው የንግድ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በአዲስ ዓለም በኩል አልፎ ወደ ምዕራብ በሚዘልቀው በዚህ መስመር ቡና፣ ቆዳ፣ ማርና ሰም በነጋዴ ቅፍለት ይመላለስ ነበር። የግብይቱ ገንዘብ የማርያ ቴሬዛ ብር ሲሆን አሞሌ ጨውም ለጥቃቅኑ ግዢ ያገለግል ነበር። በዚያ ዘመን የገንዘብ ዕውቀት ማለት የብሩን እውነተኛነት መለየት ነበር። ሻጩ ብሩን ያገላብጣል፤ በንግሥቲቱ ምስል ላይ ያሉት ነጥቦችና ጌጦች ጥርት ብለው ካልታዩት አልቀበልም ይላል።

የአቢሲኒያ ባንክ በየካቲት 1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት ደንበኞቹ በአብዛኛው ነጋዴዎች፣ የውጭ ዜጎችና መኳንንት ነበሩ። ገበሬው ከባንክ ጋር የሚያገናኘው ጉዳይ አልነበረም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በ1935 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሕጋዊ ገንዘብ ሆኖ ታወጀ። ጠገራውን የለመደ ሰው ወረቀቱን እስኪያምን ጊዜ ወስዶበታል። ብሩ ክብደት የለው፣ ሲጥሉት አይጮህ፣ በእሳትና በአይጥ ይበላል። ቢሆንም ግብር የሚከፈለው በእርሱ በመሆኑ መላመድ ግድ ሆነ።

በዚሁ ወቅት፣ ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረችው አምቦ፣ በ1939 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤት ተቋቋመ። ይህ ተቋም በየጊዜው ደረጃው እያደገ ሄዶ የዛሬው አምቦ ዩኒቨርሲቲ የወጣበት ነው። ለአካባቢው ትልቅ እርምጃ ቢሆንም በዙሪያው ያለው ገበሬ አብዛኛው ጢሰኛ ነበር። ምርቱን ለባለመሬቱ አካፍሎ የሚኖር ሰው፣ የእኩልና የሲሶ ሒሳቡን የሚይዝለት ሌላ ሰው ሲሆን፣ ስለ ቁጠባ የሚሰጠው ትምህርት ከኑሮው ጋር አይገጥምም።

የኅብረት ሥራ ሕግም በዚያው ዘመን ጀመረ። በ1953 ዓ.ም. የወጣው ድንጋጌ ቁጥር 44 እና በ1958 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 241 የኅብረት ሥራ ማኅበራትን በሕግ አቋቋሙ። የአዋጁ ጥቅም ግን መሬት ላላቸውና ለገበያ ለሚያመርቱት ያደላ ነበር። በከተማ በኩል እ.ኤ.አ. በ1964 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች ያቋቋሙት የቁጠባና ብድር ማኅበር ለአገሪቱ የመጀመሪያው ሆኖ ይጠቀሳል። ደመወዝተኛው ከወር ገቢው ቆርጦ መቆጠብን እንዲህ ሲለማመድ ወቅት ጠብቆ ገቢ የሚያገኘው ገበሬ ተራው ገና አልደረሰም ነበር። በጥር 1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ከአባላት መዋጮ እየሰበሰበ ለትምህርት ቤት፣ ለመንገድና ለጤና አገልግሎት ማዋል መጀመሩ ግን የአካባቢው ሕዝብ በጋራ ገንዘብ መሥራት እንደሚችል ያሳየ ነበር።

ፊደል የቆጠረው ገበሬ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጢሰኝነትን ሻረ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በተጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማርተው ነበር። ዘማቾቹ ገበሬውን በማኅበር አደራጁ፣ አዋጁን አነበቡለት፣ ቃለ ጉባኤ መያዝን አሳዩት። ለብዙ ገበሬ ማኅተም ያለው ወረቀት የራሱ ማኅበር ሆኖ ሲያይ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ፊደሉን ይዞ መጣ። ዘመቻው በሂደት በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ። ኦሮምኛም ከመጀመሪያዎቹ አምስት ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን በግዕዝ ፊደል ነበር የሚሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1980 ለዘመቻው ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት ተሰጥቷል። በምዕራብ ሸዋም በዛፍ ጥላ ሥርና በገበሬ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ጎልማሶች ከልጆቻቸው እኩል ተቀምጠው ስማቸውን መጻፍና ቁጥር መደመር ተማሩ። በጣት አሻራ ፈንታ በፊርማ መፈረም ለብዙ እናቶችና አባቶች የክብር ጉዳይ ሆነ።

በአዋጅ ቁጥር 138/1970 መሠረት የተደራጁት የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ደግሞ ጨው፣ ስኳር፣ ሳሙናና ጨርቅ በተመጣጣኝ ዋጋ ያቀርቡ ነበር። ገበሬው ዕጣ ገዝቷል፣ ደረሰኝ ተሰጥቶታል። እዚህ ላይ ግን አንድ ክፍተት ይታያል። ፊደል የቆጠረው ገበሬ በማኅበሩ መዝገብ ላይ የመወሰን ሥልጣን አልነበረውም። የእህሉን ዋጋና ኮታ የሚወስነው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ነበር። የአምራች ማኅበር መግባትና መውጣትም በፈቃድ ብቻ የሚሆን አልነበረም። ስለዚህ አባሉ ማንበብ ቢችልም የሚያነበው ነገር የራሱ ሆኖ አልተሰማውም።

ውጤቱ በፍጥነት ታየ። መንግሥት በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲውን ይፋ ሲያደርግ የአምራች ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። በ1983 ዓ.ም. በሥርዓቱ ለውጥ ወቅት በአገሪቱ ብዙ ቦታዎች የአገልግሎት ማኅበራት መጋዘኖችና ሱቆች ተዘረፉ፣ ቆርቆሮው ሳይቀር ተነቀለ። ወራሪ ጠላት አልነበረም የነቀለው፤ በዚያው ቀበሌ የሚኖር ሰው ጭምር ነበር። ሰው የራሱን ጎተራ አይዘርፍም። የማኅበሩን ቤት የዘረፈው የራሱ መሆኑን ስላላመነ ነው። የዚያ ዓመት ትምህርት ከማንኛውም ሥልጠና በላይ ከባድ ነበር።

የበቆሎው ዓመት

ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው ድርጅት ከግብርና ሚኒስቴር ጋር በግማሽ ሄክታር ማሳያ ማሳዎች ላይ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ማስተዋወቅ ያዘ። በ1987 ዓ.ም. ይኸው አሠራር ብሔራዊ የኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሆኖ ተስፋፋ። ምዕራብ ሸዋ በዚህ ረገድ ባለ ዕድል ነበር። የባኮ የግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ቢኤች 660 የተባለው ዲቃላ በቆሎ በአካባቢው ምርትን በእጅጉ አሳደገ። ማዳበሪያና ዘሩ የሚቀርበው በከፊል ቅድሚያ ክፍያ፣ በአብዛኛው ግን በክልል መንግሥታት ዋስትና ከባንክ በተገኘ ብድር ነበር።

አርሶ አደሩ በዚህ ጊዜ ብዙ ተምሯል፤ መስመር መዝራትን፣ የማዳበሪያ መጠንን፣ የአረም ጊዜን ተምሯል። የብድርና የዋጋ ትምህርት ግን እኩል አልተሰጠውም። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ዝናቡ አማረ፣ በቆሎውም ተትረፈረፈ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ገበያ ወጣ። ገዢ፣ መጋዘንና መጓጓዣ በበቂ ባለመኖሩ የበቆሎ ዋጋ ተንኮታኮተ። በአንዳንድ ቦታ አርሶ አደሩ ማጨጃና ማጓጓዣ የሚሸፍን ዋጋ በማጣቱ በቆሎውን ማሳ ላይ እስከ መተው ደረሰ። የማዳበሪያ ዕዳው ግን በብር የተጻፈ በመሆኑ ከዋጋው ጋር አልወረደም።

ስሌቱን ለማሳየት ያህል አንድ አርሶ አደር 600 ብር የማዳበሪያ ዕዳ አለበት እንበል። በቆሎ ኩንታሉ 60 ብር ሲሆን ዕዳው 10 ኩንታል ነው። ዋጋው ወደ 25 ብር ሲወርድ ግን ያው 600 ብር 24 ኩንታል ይሆናል። አርሶ አደሩ የሠራው ስሕተት የለም፤ እንዲያውም ጎበዝ አምራች ነው። ዕዳው ግን በአንድ ወቅት ውስጥ ከእጥፍ በላይ አደገበት። ዕዳውን ለመክፈል በሬ የሸጠ፣ በሬውን ሸጦ በቀጣዩ ዓመት መሬቱን ያከራየ ብዙ ነው። በተከታዩ ዓመት ዝናቡ ሲያጥር በርካሽ የተሸጠው እህል እንደገና በውድ ተገዛ።

ይህ ችግር በአገር አቀፍ ደረጃም መዘዝ አስከትሏል። ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን የመሩት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የዚያ ዓመት የበቆሎ ዋጋ መውደቅ ካስነሣው ጥያቄ በመነሣት ጭምር ነው። ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ደግሞ ትምህርቱ ግልጽ ነበር። ምርታማነት ብቻውን ገቢ አይሆንም። በመካከል ዋጋን መጠበቅ፣ ማከማቸት፣ ተሰባስቦ መሸጥና ዕዳን ከመፈረም በፊት መመተር የሚባል ዕውቀት አለ።

ማኅበሩ ትምህርት ቤት ሲሆን

በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 85 የግብርና ማኅበራትን በአዲስ መልክ ፈቀደ። ሰፊውን መሠረት የጣለው ግን አዋጅ ቁጥር 147/1991 ነው። አባልነት በፈቃድ ሆነ፣ አንድ አባል አንድ ድምፅ ተባለ፣ የአንድ ሰው ዕጣ ከጠቅላላው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ። መሠረታዊ ማኅበራት ተሰባስበው ዩኒየን እንዲመሠርቱም መንገዱ ተከፈተ። በእነዚህ ድንጋጌዎች ውስጥ ያለው ሐሳብ በአገራችን ብቻ የተወለደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በተባለች ከተማ 28 ሰዎች የከፈቱት ሱቅ ለዛሬዎቹ የኅብረት ሥራ መርሆዎች መነሻ ሆኗል። እነዚያ ሰዎች ከትርፋቸው 2.5 በመቶውን ለአባላት ትምህርት ይመድቡ ነበር። ሱቅ ለከፈተ ሰው መጽሐፍ መግዛት ትርፍ ወጪ ይመስላል። እነርሱ ግን ያልተማረ አባል ማኅበሩን እንደማያቆይ ገብቷቸው ነበር። ትምህርት፣ ሥልጠናና መረጃ ከሰባቱ ዓለም አቀፍ መርሆዎች አምስተኛው ሆኖ የተቀመጠው ከዚህ ልምድ ነው።

በሕጉ መሠረት ማኅበሩ ከተጣራ ትርፉ 30 በመቶውን ለመጠባበቂያ ያስቀራል፣ 70 በመቶው ለአባላት ይከፋፈላል። ለምሳሌ የተጣራ ትርፉ 100,000 ብር ከሆነ 30,000 ብር ይቀመጣል፣ 70,000 ብር ይከፋፈላል ማለት ነው። ክፍፍሉ ዕጣንና ከማኅበሩ ጋር የተደረገን ግብይት ይመለከታል። ይህ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ደረቅ ቁጥር ነው። አባሉ ግን «ጤፌን ለነጋዴ የሸጥኩት 5 ኩንታል ለማኅበሩ ቢሆን ኖሮ ምን ያህል ይደርሰኝ ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ መቶኛ የሚባለውን ትምህርት በአንድ ቀን ይማረዋል። ሚዛኑም እንዲሁ ነው። የማኅበሩ ሚዛን በግልጽ ቦታ ሲቀመጥና የዕለቱ ዋጋ ሲለጠፍ ከጊንጪ ጤፍ አምራች እስከ ጀልዱ ድንች አምራች ድረስ ነጋዴው የሚለውን ዋጋ የሚያመዛዝንበት መለኪያ ያገኛል።

ብድርና ቁጠባን በተመለከተ ሌላ በር የከፈተው በ1988 ዓ.ም. የወጣው የአነስተኛ ፋይናንስ ተቋማት አዋጅ ቁጥር 40 ነው። በዚሁ መሠረት የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ አክሲዮን ማኅበር በ1989 ዓ.ም. ተቋቋመ። ንብረት ማስያዝ የማይችሉ ሰዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ በቡድን እየተዋዋሱ የሚበደሩበት አሠራር ለየት ያለ ትምህርት ሰጠ። አንዷ ሳትከፍል ብትቀር ሌሎቹ ስለሚጠየቁ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል አስቀድሞ መመካከር ግድ ነበር። ይህ ተቋም በ2014 ዓ.ም. ወደ ባንክ አድጎ ስንቄ ባንክ ተብሏል። ስንቄ የኦሮሞ ሴት መብቷን የምታስከብርበት በትር መሆኑን ለሚያውቅ የስሙ ትርጉም ግልጽ ነው።

ኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ራሳቸው ባለ ድርሻ የሆኑበት የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ ደግሞ በአቶ ኃይሌ ገብሬ አነሣሽነትና በማኅበራት ርብርብ በጥቅምት 1997 ዓ.ም. ተመዝግቦ በየካቲት ወር ሥራ ጀመረ። ከባንክ ደጃፍ ርቆ የኖረው ገበሬ በማኅበሩ በኩል የባንክ ባለቤት ለመሆን በቃ። በትምህርቱ በኩል በአምቦ ዩኒቨርሲቲ ኅብረት ሥራ ራሱን የቻለ የትምህርት መስክ ሆኖ መሰጠቱ ለማኅበራቱ ሙያተኛ ለማፍራት የረዳ ነው።

የወለድን ነገር በዚህ አጋጣሚ ማንሣት ይገባል። አራጣ አበዳሪ በወር 10 በመቶ ቢያስከፍል 1,000 ብር የተበደረ ሰው በዓመት ወለዱ ብቻ 1,200 ብር ይሆንበታል። በዓመት 15 በመቶ የሚያስከፍል ማኅበር ዘንድ ግን ወለዱ 150 ብር ነው። «አሥር ከአሥራ አምስት ያንሳል» ብሎ ወደ አራጣው የሚሄድ ሰው ያጣው ገንዘብ አይደለም፤ «በወር» እና «በዓመት» የሚሉትን ቃላት የመለየት ዕውቀት ነው። የሁለት ቃላት ልዩነት በሬ ያስሸጣል።

በክፍል ውስጥ የተሰጠው ቁጠባ

መንግሥት ለተማሪዎች ያደረገው ጥረት ብዙ ጊዜ አይወሳም። በሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት ከተዘረዘሩት አሥራ አንድ እሴቶች አንዱ ቁጠባ ነበር። ከዴሞክራሲ፣ ከፍትሕና ከአገር ፍቅር ጎን ለጎን ቁጠባ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ተሰጥቶት በአምቦም ሆነ በጌዶ ያለ ተማሪ ከክፍል ክፍል ሲዘዋወር ደጋግሞ ያገኘው ነበር። ድግስን ማብዛት፣ ገቢንና ወጪን አለማመዛዘን፣ ጊዜን ማባከን የሚያስከትለውን ጉዳት ያትታል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ሥርዓተ ትምህርቱ ተሻሽሎ ትምህርቱ የዜግነት ትምህርት ተብሏል።

የዚህ ትምህርት ጥንካሬም ድክመትም አብሮ መታየት አለበት። ጥንካሬው አንድ ትውልድ ሙሉ ቁጠባን እንደ ዜግነት ግዴታ እየሰማ ማደጉ ነው። ድክመቱ ግን ለፈተና የሚሸመደድ ትርጉም ሆኖ መቅረቱ ነው። «የቁጠባን ጥቅም ዘርዝር» ለሚለው ጥያቄ አምስት ነጥብ የጻፈ ተማሪ፣ የአባቱን የማዳበሪያ ብድር ውል አንብቦ «ወለዱ የሚታሰበው ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ ላይጠይቅ ይችላል። በአንድ ቤት ውስጥ ማንበብ የሚችል ልጅና ሒሳብ የሚመለከተው አባት ተገናኝተው አንድ ወረቀት ላይ ካልተቀመጡ ትምህርቱ ከክፍል አልወጣም ማለት ነው።

ለጎልማሶችም ተመሳሳይ ጥረት ነበር። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የጎልማሶች ትምህርት ስትራቴጂ ተግባር ተኮር ትምህርትን፣ ማለትም ማንበብና መጻፍን ከእርሻ፣ ከጤናና ከገቢ ማስገኛ ሥራ ጋር ያቀናጀውን አሠራር፣ ዋና መንገድ አድርጎ አስቀምጧል። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ፊደልን ለብቻ ሲያስተምር የታየውን ክፍተት ለመሙላት የታሰበ ነው ማለት ይቻላል። ባንኮችም በበኩላቸው ቁጠባን በልዩ ልዩ መንገድ ሲያበረታቱ ቆይተዋል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ «ይቆጥቡ ይሸለሙ» የሚለው የዕጣ መርሐ ግብር ስሙ ገጠር ድረስ የዘለቀ ነው። ሽልማቱ ሰውን ወደ ባንክ ይጠራል፤ ወለድና የዋጋ ንረት ምን እንደሆኑ የማስረዳቱ ሥራ ግን ከዚያ በኋላ የሚቀር ነው።

ደብተሩ ወደ ስልክ ሲገባ

ብር በማሰሮ ወይም በትራስ ሥር የማስቀመጥን አደጋ በደንብ ያስተማሩት የገንዘብ ለውጦች ናቸው። በ1969 ዓ.ም.፣ በኅዳር 1990 ዓ.ም. እና መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ይፋ በሆነው ለውጥ ጊዜ አሮጌው ብር በተወሰነ ቀነ ገደብ እንዲቀየር ታዟል። በ2013ቱ ለውጥ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተቀይረው የ200 ብር ኖት ተጨምሯል። መረጃው ዘግይቶ የደረሰው ሰው የተቀበረ ገንዘቡን ይዞ ሰልፍ ላይ ቆሟል። ደብተር የነበረው ግን ቤቱ ቁጭ ብሎ ቁጥሩ አልተነካበትም።

ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነውን ብሔራዊ የፋይናንስ አካታችነት ስትራቴጂ ሲነድፍ የገንዘብ ትምህርት አንዱ ምሰሶ ተደርጎ ነበር። የዓለም ባንክ ጥናት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2014 ከኢትዮጵያውያን ጎልማሶች ሒሳብ የነበራቸው 22 በመቶ ያህሉ ሲሆኑ በ2017 ወደ 35 በመቶ፣ በ2022 ደግሞ ወደ 46 በመቶ ከፍ ብለዋል። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ሒሳቡ ከባንክ መስኮት ወደ ኪስ ገባ።

ሒሳብ መክፈትና ሒሳብ ማወቅ ግን አንድ አይደሉም። ዛሬ የምስጢር ቁጥሩን ለሌላ ሰው የሚነግር፣ «ሽልማት ደርሶዎታል» የሚል መልእክት አምኖ ገንዘቡን የሚልክ፣ ከስልኩ ላይ የተበደረውን ገንዘብ መክፈያ ቀን የማያውቅ ብዙ ነው። በማርያ ቴሬዛ ዘመን ብሩን አገላብጦ ያይ የነበረው ገበሬ ልጅ ዛሬ የስልክ መልእክቱን በዚያው ጥንቃቄ አገላብጦ ማየት ይጠበቅበታል። አታላዩ መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም።

ከታሪኩ የሚወሰድ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ሲጠቃለል አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። በየዘመኑ የመጣው ፕሮግራም ግማሹን ይዞ መጥቷል። የመሠረተ ትምህርቱ ፊደልን ሰጠ፣ መዝገቡን ግን አላስጨበጠም። ኤክስቴንሽኑ ብድርንና ምርትን ሰጠ፣ የዋጋን ነገር ግን አላስተማረም። ትምህርት ቤቱ የቁጠባን ትርጉም ሰጠ፣ የቤተሰቡን ውል ግን አላስነበበም። ስልኩ ሒሳብ ሰጠ፣ ጥንቃቄውን ግን ለባለቤቱ ተወው። ቀሪው ግማሽ የተሟላው አባሉ የራሱን ገንዘብ፣ በራሱ ማኅበር፣ በራሱ ዓይን ሲከታተል ብቻ ነው።

ስለዚህ የአንድ ማኅበር ዋናው የመማሪያ ክፍል ጠቅላላ ጉባኤው ነው። የኦዲት ሪፖርቱ ሲነበብ እጅ ለማጨብጨብ ብቻ የሚቀመጥ አባል በ1983 ዓ.ም. ወደታየው መንገድ ሳያውቀው እየሄደ ነው። «ያለፈው ዓመት ተሰብሳቢ ሒሳብ ስንት ነበር? ዘንድሮ ለምን ጨመረ? መጠባበቂያው የት ባንክ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አባል ግን ለኮሚቴው ጠላት አይደለም። ጥያቄው ታማኙን ኮሚቴ ከሐሜት ይጠብቀዋል፤ ታማኝ ያልሆነውንም ቶሎ ያሳውቃል። ሪፖርቱ አባላት በሚናገሩት ቋንቋ፣ በቃልም በሰሌዳም ቢቀርብ፣ ፊደል ያልቆጠሩት እንዳይቀሩ ልጆቻቸው አብረዋቸው ቢገኙ፣ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው።

አባቶች ክረምቱ ቢከብድም የዘር እህል አይበላም ይሉ ነበር። የማኅበር መጠባበቂያም የዘር እህል ነው፤ ዕጣም የዘር እህል ነው። ጎተራውን በዓይኑ ይጠብቅ የነበረው ገበሬ ልጆች ዛሬ መዝገቡን በንባብ መጠበቅ ይገባቸዋል። የሚቀጥለው የምሥረታ በዓል ሲከበር የመጋዘኑ ስፋት ብቻ ሳይሆን የራሱን ሒሳብ አንብቦ የሚፈርመው አባል ቁጥር አብሮ ቢነገር፣ የማኅበሩ ዕድገት ሙሉ ሆኖ ይቆጠራል።